የኢትዮጵያን ንጉሥ ሆኖ የሠራው ተዋናይ ማን ነው?

የቀሀ ልጅ፦

ሰላም ቤተሰብ። አንድ ተዋናይ እየፈለግሁ ነው፤ የምታውቁት ካላችሁ ንገሩኝ።

«ዐሥርቱ ትእዛዛት» የሚለውን የድሮ ፊልም ሁላችሁም ሳታውቁት አትቀሩም። ፋሲካ ሲመጣ በየቴሌቪዥኑ የሚታየው፣ ሙሴ ባሕር የሚከፍልበት። መጀመሪያው አካባቢ ሙሴ ገና የግብፅ ልዑል ሳለ ከዘመቻ ይመለስና የኢትዮጵያን ንጉሥና የንጉሡን እህት ይዞ ፈርዖን ፊት ይቀርባል። ያንን ንጉሥ ሆኖ የሠራው ሰው ማን ነው? ረጅም ነው፣ ደረቱ ሰፊ ነው፣ አቋሙ የእውነት ንጉሥ ነው። ይህን ያህል አይናገርም። ግን ከገባ በኋላ እኔ ሌላ ሰው ማየት አልቻልኩም።

ቤት ውስጥ ክርክር ተነሣ። አጎቴ «ይሄ የኛው ሰው ነው፣ በጃንሆይ ጊዜ ከዚሁ የወሰዱት ነው» ብለው ምለው ተገዘቱ። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ «ስፓርታከስ ላይ ባለ ሦስት ጣት ጦርና መረብ ይዞ የሚዋጋው እሱ ነው» አለ። ስፓርታከስን ፍላሽ ላይ አስጭኜ አየሁት። እውነትም ይመስላል። ግን እዚያም ፊልሙ ሳይጋመስ ይሞታል።

የምጠይቅበት ሌላም ምክንያት አለኝ። እዚህ አንድ የቴአትር ክበብ ውስጥ ነኝ። አሁን ስለ አጼ ቴዎድሮስ አንድ ሥራ እያዘጋጀን ነው፣ ለእኔ የደረሰኝ ጋሻ ጃግሬ ነው። ባለፈው ሥራም ዘበኛ ነበርኩ። ቁመት ስላለኝ መሰለኝ ሁልጊዜ ጦር አስይዘው ጥግ የሚያቆሙኝ። እና ይህን ሰውዬ ሳይ ውስጤ ጥያቄ መጣ። ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ትንሽ ትንሽ ቦታ እየተሰጠው ነው የኖረው? መሪ ሆኖ የሠራው አለ? እንጀራ ወጥቶለታል? ረጅም ቢሆንም አነባለሁ፣ በዝርዝር ጻፉልኝ።


ጋሽ ሲኒማ፦

የቀሀ ልጅ፣ ወንድምህ ልክ ነው። ሁለቱም አንድ ሰው ናቸው። ዉዲ ስትሮድ ይባላል። የተወለደው ሎስ አንጀለስ ነው፣ በ1914። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ።) ጥቁር አሜሪካዊ ነው እንጂ ኢትዮጵያዊ አይደለም። አጎትህ ግን እንዲያ ቢሉ አይገርመኝም። ዓለም የሚያውቀው በሁለት ኢትዮጵያዊ ገጸ ባሕርያት ነው። አንዱ አንተ ያየኸው ንጉሥ ነው፣ ፊልሙ የወጣው በ1956 ነው። ሁለተኛው በ1960 የወጣው ስፓርታከስ ላይ ድራባ የሚባለው ኢትዮጵያዊ ግላዲያተር ነው።

ለአጎትህ አንድ ነገር ንገርልኝ። እዚያው ዐሥርቱ ትእዛዛት ውስጥ ሰውየው ሁለት ቦታ አለ። ሙሴን ያሳደገችውን የፈርዖን ልጅ በወንበር ከሚሸከሟት አንዱም እሱ ነው። በአንድ ፊልም ንጉሥም ተሸካሚም ሆነ። እንግዲህ የዚህ ሰው የሥራ ዘመን ባጠቃላይ በእነዚህ በሁለቱ መሀል ሲመላለስ ያለፈ ነው ብትል አትሳሳትም።

ወደ ፊልም የገባው ከስፖርት ነው። ዩሲኤልኤ በሚባለው የሎስ አንጀለስ ዩኒቨርሲቲ ሲማር በአትሌቲክስ የዐሥሩንም ዓይነት ውድድር ይወዳደር ነበር፣ የአሜሪካኖቹን እግር ኳስም ይጫወት ነበር። በእጅ የሚያዘውን ማለቴ ነው። በ1939 የዩኒቨርሲቲው ቡድን ውስጥ እሱና ኬኒ ዋሽንግተን አብረው ነበሩ፣ ሦስተኛው ማን መሰለህ፣ ጃኪ ሮቢንሰን። ኋላ ቤዝቦል ውስጥ የዘር አጥሩን የሰበረው ጃኪ ሮቢንሰን። ሦስት ጥቁር ኮከቦች በአንድ ቡድን፣ ያን ጊዜ።

ከትምህርት ሲወጡ ግን በሩ ዝግ ነበር። ትልቁ የአሜሪካ እግር ኳስ ሊግ ከ1934 እስከ 1945 አንድም ጥቁር አላጫወተም። ከጦርነቱ በኋላ ራምስ የሚባለው ክለብ ወደ ሎስ አንጀለስ ሲዛወር ትልቁን ስታዲየም ፈለገ። ስታዲየሙ የሕዝብ ገንዘብ የገባበት ስለነበር የከተማዋ ጥቁር ጋዜጠኞች «በሕዝብ ሜዳ እየተጫወታችሁ የሕዝቡን ልጆች አትከለክሉም» ብለው ወጥረው ያዙ። በ1946 ዋሽንግተን ፈረመ፣ ስትሮድም ተከተለ። ጃኪ ሮቢንሰን ትልቁ የቤዝቦል ሊግ የገባው በ1947 ነው፣ እነዚህ ሁለቱ አንድ ዓመት ቀድመውታል። የሚነገርላቸው ግን ትንሽ ነው። ስትሮድ ያን ጊዜ ዕድሜው 32 ደርሶ ነበር፣ ምርጥ ዓመቶቹን በሩ ላይ ቆሞ ነው የጨረሳቸው። አንድ የውድድር ዘመን ተጫወተና አበቃ። ከዚያ ወደ ካናዳ ሄዶ ከካልጋሪ ቡድን ጋር በ1948 ዋንጫ በላ፣ ያን ዓመት ቡድኑ አንድም ጨዋታ አልተሸነፈም።

በመሀል ነጻ ትግልም ይታገል ነበር፣ በክፍያ፣ ሕዝብ ፊት። ፊልም ላይ መጀመሪያ የታየው በ1941 ነው (ጣሊያን እዚህ ጎንደር ላይ እጁን የሰጠበት ዓመት)፣ ግን እስከ ሃምሳዎቹ ድረስ ፊልም ለእሱ የጎን ሥራ ነበር። ሲፈልጉት ልብስ አስወልቀው ጦር ያስይዙታል። የጫካ ፊልም፣ የአንበሳ አደን ፊልም፣ የጎሣ አለቃ፣ ባሪያ። ስለዚህ ጦር ይዞ ጥግ መቆሙን ካንተ በፊት በደንብ የቀመሰ ሰው ነው።

ሌላውን ሰው ይቀጥልበት። እኔ በንጉሡ ጊዜ ልጅ ሆኜ ፒያሳ ባለው ሲኒማ ቤት ካውቦይ እያየሁ ያደግሁ ስለሆነ ስለ ካውቦይ ፊልሞቹ ኋላ እመለሳለሁ።


የአዘዞዋ፦

ጋሼ እናመሰግናለን። እኔ ስለ ትወናው ልጨምር፤ ቴአትር አስተምራለሁ፣ ለተማሪዎቼም ይህን ሰው ነው የማሳያቸው።

የቀሀ ልጅ፣ ስፓርታከስን እንደገና ክፈተው። ድራባ መጀመሪያ ላይ ከስፓርታከስ ጋር የሚያወራባትን ቦታ ፈልግ። ስፓርታከስ ስሙን ይጠይቀዋል። ድራባ ስሙን አይነግረውም፣ የእሱንም ማወቅ አይፈልግም። ግላዲያተር ጓደኛ አይዝም፣ አንድ ቀን ሜዳ ላይ ከተገናኘን ልገድልህ ነው ይለዋል። በዚያች አጭር ንግግር ሰውየው ምን ያህል ጊዜ ጓደኛውን እንደቀበረ ትረዳለህ። ፊልሙ ታሪኩን አይነግርህም። ስትሮድ ግን ታሪክ እንዳለው ሰው ነው የሚቀመጠው።

ቀጥሎ ከሜዳው በፊት ጠባቧ የእንጨት ክፍል ውስጥ ሁለቱ ፊት ለፊት ተቀምጠው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ውጭ ሌሎች ሁለት ሰዎች እየተገዳደሉ ነው። ቃል የለም። ከርክ ዳግላስ የፊልሙ መሪ ነው፣ ገንዘብ አውጥቶ ያሠራውም የራሱ ኩባንያ ነው፣ እና ያ ትልቅ ሰው ባለበት ክፍል ውስጥ ያንተ ዐይን የሚሄደው ወደ ስትሮድ ነው። ለምን? ዳግላስ ፊቱ ላይ ብዙ ይሠራል፣ ስትሮድ ምንም አይሠራም። ዝም ብሎ ይጠብቃል፣ አንተ ትፈራለህ።

ከዚያ ውጊያው። ድራባ ያሸንፋል፣ ይህን ልብ በሉ። መሪ ተዋናዩን ያሸንፈዋል። ጦሩን ጉሮሮው ላይ አድርጎ ቆሟል። ከላይ የሮም ሴቶችና ሹማምንት «ግደለው» እያሉ ነው። አይገድለውም። ዞር ይልና ጦሩን ወደ እነሱ ይወረውራል፣ ግድግዳውን ዘሎ ይንጠለጠላል፣ ሊደርስባቸው ነው። ጠባቂው በጦር ከኋላው ይወጋዋል፣ የሮሙን ሹም ሆኖ የሚሠራው ሎረንስ ኦሊቪየር ደግሞ በጩቤ ይጨርሰዋል። ሬሳውን ግላዲያተሮቹ በሚያልፉበት ቦታ ዘቅዝቀው ይሰቅሉታል፣ ማስጠንቀቂያ እንዲሆን።

አሁን እስቲ ድራባን ከፊልሙ አውጡት። ስፓርታከስ ያኔ ይሞት ነበር፣ አመፁም አይነሣም። ሦስት ሰዓት የሚያልፍ ፊልም ሙሉ የተመሠረተው አንድ ሰው አልገድልም ባለባት ደቂቃ ላይ ነው። ለዚህ ሥራ ስትሮድ ለጎልደን ግሎብ በረዳት ተዋናይነት ታጨ። ከዚያው ፊልም በረዳት ተዋናይነት ኦስካር የወሰደው ፒተር ዩስቲኖቭ ነው፣ የግላዲያተሮቹ ጌታ ሆኖ የሠራው። ዩስቲኖቭ ድንቅ ነው፣ የሚገባው ነው። ግን ዩስቲኖቭ ብዙ ሰዓት፣ ብዙ ቃል ተሰጥቶታል። ስትሮድ የተሰጠው በጣም ጥቂት ነው፣ ከዚያ ፊልም ሰው ዛሬም የሚያስታውሰው ግን ድራባን ነው።

ስለ ጋሻ ጃግሬህ የምልህ፦ ዳይሬክተርህን ተጨማሪ ቃል አትለምን። ጋሻውን የምትሸከምለት ሰው ማን እንደሆነ፣ ስንት ዘመቻ አብረህ እንደወጣህ፣ እንደምትወደው ወይ እንደምትፈራው ለራስህ ወስን። ማንም ባይጠይቅህም። ጀርባህ ላይ ይታያል።


ማራኪ ሰፈር፦

እኔ በዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ስትሮድን እወደዋለሁ፣ ለዚያ ነው የሚያናድደኝ። «ትንሽ ቦታን ትልቅ አደረገ» ስንል ትንሿን ቦታ የሰጡትን ሰዎች ነጻ እያወጣናቸው ነው። ነጭ ቢሆን ኖሮ ያ ቁመት፣ ያ ድምፅ፣ ያ ፊት፣ በፈረስ ላይ ያ አቀማመጥ በየዓመቱ መሪ ተዋናይ ያደርገው ነበር። በ46 ዓመቱ ነው እኮ ስሙ የተሰማው! ድራባም ቢሆን ማሰብ አለባችሁ፤ ጥቁሩ ሰው ይሞታል፣ ነጩ በሞቱ ተነሣስቶ ጀግና ይሆናል። ይህ ታሪክ በስንት ፊልም ላይ አለ?

ሌላ ምሳሌ ልስጥ። «ፖርክ ቾፕ ሂል» የሚባል የ1959 ፊልም አለ፣ ስለ ኮሪያ ጦርነት። ግሪጎሪ ፔክ መቶ አለቃ ነው። ስትሮድ ፍራንክሊን የሚባል ወታደር ነው፣ ወደ ኮረብታው መውጣት አይፈልግም፣ ወደ ኋላ ይቀራል። መጨረሻ ላይ መቶ አለቃውን በጠመንጃ አፋጦ ይናገራል፦ አገሬ ላይ የምኖርበትን ብታየው፣ ለዚያ አልሞትም፣ ለኮሪያ ብዬማ ጭራሽ አልሞትም ይላል። ትልቅ ንግግር ነው፣ እውነት ነው። ግን ፊልሙ ውስጥ ፈሪ የሚባለው እሱ ነው። ከዚያ ሁሉ ወታደር መሀል ለመሸሽ የተመረጠው እሱ ነው።

ደግሞ እዚህ ላይ እኛን የሚነካ ነገር አለ። ፊልሙ የተወሰደው ኤስ ኤል ኤ ማርሻል ከጻፈው መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ ውስጥ ስለ ቃኘው ሻለቃ አለ። የኛ ልጆች በዚያ አካባቢ በ1953 በሌሊት ቅኝት ያደረጉትን ጸሐፊው በአድናቆት ነው የዘገበው። ፊልሙ ላይ አንድም ኢትዮጵያዊ የለም። ሆሊውድ በዐሥርቱ ትእዛዛት ላይ የኢትዮጵያ ንጉሥ ይፈልጋል፣ በሮም ሜዳ ላይ ኢትዮጵያዊ ግላዲያተር ይፈልጋል። በዚያው ዘመን በእውነት የተዋጉት ኢትዮጵያውያን ጽሑፉ ላይ እያሉ ግን አላያቸውም። አጎትህ «የኛው ሰው ነው» ሲሉ የሚሰማቸው ኩራት ይገባኛል። እኔ ኩራቱ ላይ ቁጭት ቢጨመርበት ነው የምለው።


የቀሀ ልጅ፦

ኧረ ይሄን ሁሉ አልጠበቅሁም። በጣም አመሰግናለሁ። የቃኘውን ነገር ለአጎቴ ነገርኳቸው፣ አሁን ሰውየውን ትተው መጽሐፉን ፈልግልኝ እያሉኝ ነው።

ድራባን በድጋሚ አየሁት። የእንጨት ክፍሏን ቦታ ደጋግሜ። እህቴ፣ ልክ ነሽ፣ ምንም አይሠራም። እኔ እንዲያ ዝም ብዬ ብቆም ግን ከኋላ ያለ መጋረጃ ነው የምመስለው። እንዴት ነው የሚማሩት ይህን?

ማራኪ ሰፈር ያልከውም ውስጤ ገብቷል። እና መሪ ሆኖ የሠራው ነገር የለም ማለት ነው? ጋሼ ስለ ካውቦዮቹ እመለሳለሁ ብለው ነበር።


ቅኔ ዘራፊ፦

እኔ ስለ ንጉሡ ቦታ አንድ ነገር ብቻ ጣል ላድርግ። ፊልሙ ያን ከየት አመጣው ለምትሉ፣ ኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 12 ቁጥር 1 ላይ ሙሴ ኢትዮጵያዊት ማግባቱና ማርያምና አሮን በዚያ ምክንያት በእሱ ላይ መናገራቸው ተጽፏል። የአይሁድ ታሪክ ጸሐፊው ዮሴፍም ሙሴ የግብፅን ጦር መርቶ ወደ ኢትዮጵያ እንደዘመተና ታርቢስ የምትባል የንጉሥ ልጅ እንደወደደችው ይተርካል። ፊልሙ ላይ ታርቢስን የንጉሡ እህት አድርገዋታል። ፈርዖን ፊት ሲቀርቡ ራምሴስ ምርኮኞቹ እንዲንበረከኩ ይፈልጋል፣ ሙሴ ግን በወዳጅነት ነው ያመጣኋቸው ይላል። ስትሮድ ሳይንበረከክ ቆሞ የሚታየው ለዚህ ነው።


ጋሽ ሲኒማ፦

ቃሌን ልፈጽም።

ማራኪ ሰፈር፣ ቁጭትህን እጋራለሁ። ግን አንድ ሰው አለ ያላነሣኸው፣ ዳይሬክተሩ ጆን ፎርድ። ፎርድ በካውቦይ ፊልም የሚወዳደረው አልነበረም። ስፓርታከስ በወጣበት በዚያው በ1960 ስትሮድን ወስዶ «ሳጅን ሩትሌጅ» የሚባል ፊልም ሠራ። ርእሱ የስትሮድ ገጸ ባሕርይ ስም ነው። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ተራ ወታደሮቹ ጥቁሮች፣ መኮንኖቹ ነጮች የሆኑበት ዘጠነኛው ፈረሰኛ ጦር ውስጥ ሳጅን ነው። አንዲት ነጭ ልጅ ደፍሮ ገደለ፣ አባቷን ሻለቃውንም ገደለ ተብሎ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ታሪኩ በምስክሮች ቃል ነው የሚሄደው። ማምለጥ ይችል ነበር፣ አምልጦም ነበር። የጦር ጓዶቹ ወጥመድ ውስጥ ሊገቡ መሆኑን ሲያይ ግን በፈረስ ተመልሶ ያስጠነቅቃቸዋል። ፍርድ ቤቱ ውስጥ ለምን እንደተመለሰ ሲጠይቁት ጦሩ ቤቱም ነጻነቱም ክብሩም መሆኑን ይናገርና ሰው ነኝ ብሎ ይጮኻል። ያቺን ቦታ ሳይ እኔ እስከ ዛሬ እንባዬን መያዝ አልችልም።

እንግዲህ የቀሀ ልጅ፣ መሪ ሆኖ ሠርቷል ወይ ላልከው፣ ይሄውልህ። ግን የማራኪ ሰፈርን ቁጭት የሚያረጋግጥም አለበት፤ ፊልሙ ላይ ስሙ መጀመሪያ የተጻፈው ጠበቃውን ሆኖ የሠራው ጄፍሪ ሀንተር ነው። ስትሮድ ግን በዚያ ፊልም እስከ መጨረሻው ኮርቶበታል። ጥቁር ሰው እንደ ጆን ዌይን ከተራራ ላይ በፈረስ ሲወርድ ከዚያ በፊት አልታየም ነበር ብሎ ተናግሯል።

ከሁለት ዓመት በኋላ «ሊበርቲ ቫላንስን የገደለው ሰው» መጣ። እዚህ ስትሮድ ፖምፒ ነው፣ የጆን ዌይን አሽከር። አዎ፣ እንደገና አሽከር። ግን አንዲት የትምህርት ቤት ቦታ አለች። ጠበቃው ጄምስ ስቱዋርት ለመንደሩ ሰው ማንበብ ያስተምራል፤ ትልልቅ ሰዎች ከሕፃናት ጋር ተቀምጠዋል። ፖምፒ የአሜሪካን የነጻነት አዋጅ በቃሉ እንዲል ይጠየቃል። ከጀርባው የሊንከን ሥዕል ተሰቅሏል። ይጀምራል፣ «ሰው ሁሉ እኩል ሆኖ ተፈጠረ» የምትለዋ ላይ ሲደርስ ይጠፋበታል። ረሳኋት ይላል፣ አፍሮ። መምህሩ ደግሞ ብዙ ሰው ያቺን ቦታ ይረሳታል ይለዋል። ዓመቱ 1962 ነው። በዚያ ጊዜ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ውስጥ ጥቁር ከነጭ እኩል አውቶቡስ ውስጥ ለመቀመጥ፣ ትምህርት ቤት ለመግባት ይደበደብ ነበር። ፎርድ ያንን ንግግር ለማንም መስጠት ይችል ነበር፤ ለስትሮድ ሰጠው። ፖምፒ መጠጥ ቤት ሲገባ ባለቤቱ አልቀዳለትም ሲልም እዚያው ፊልም ላይ ነው። ደግሞ ሌሊት ጨለማ ውስጥ ጠመንጃዋን ወርውሮ ለዌይን የሚያቀብለው ማን ነው? የርእሱ ጥያቄ መልስ በእሱ እጅ ነው ያለፈችው፣ ፖምፒ ግን ዕድሜ ልኩን አይናገርም።

ፎርድና ስትሮድ ከዚያ በኋላም እንደ ቤተሰብ ሆኑ። ፎርድ ታሞ ሲደክም ስትሮድ ቤቱ እያደረ አስታመመው፣ በ1973 ሲሞትም አጠገቡ ነበር።

ሥራው ደግሞ በዚህ አላቆመም። በ1966 «ዘ ፕሮፌሽናልስ» ላይ ከበርት ላንካስተር፣ ከሊ ማርቪንና ከሮበርት ራያን ጋር አራተኛው ሆኖ ገባ፣ ዱካ የሚከተለውና ቀስት የሚወረውረው። አሽከርም ባሪያም አይደለም፣ ባለሙያ ነው። ሌሎቹ እኩል ያዩታል። በ1968 የጣሊያኑ ሰርጆ ሊዮኔ በሠራው ትልቁ ካውቦይ መክፈቻ ላይ ባቡር ጣቢያ ከሚጠብቁት ሦስት ሽፍቶች አንዱ ነው። ጠብ ጠብ የሚል ውኃ መላጣው ላይ ያርፋል። እሱ ከቦታው አይንቀሳቀስም። ባርኔጣውን ብቻ ያደርጋል፣ ውኃው ባርኔጣው ላይ ይጠራቀማል፣ በኋላ አውልቆ ይጠጣዋል። ይኸው ነው። አንድ ቃል የለም፣ ባቡሩ እንደመጣም ይሞታል። ይህን ያየ ግን አይረሳውም።

እና በዚያው ዓመት፣ ማራኪ ሰፈር ይህን ስማ፣ ጣሊያናዊው ቫለሪዮ ዙርሊኒ በሙሉ መሪነት አሠራው። ገጸ ባሕርዩ ላሉቢ ይባላል፣ የተቀረፀው በኮንጎው መሪ በፓትሪስ ሉሙምባ ላይ ነው። ሉሙምባ ከተገደለ ገና ሰባት ዓመቱ ነበር። የኛም ጠቅል ብርጌድ ኮንጎ የዘመተበት ታሪክ ነው፣ አባቶቻችሁን ጠይቁ። ስትሮድ ጣሊያን ውስጥ ብዙ ሠራ፣ ክፍያውም ከአገሩ ይሻል ነበር። እንጀራ ወጥቶለታል ወይ ላልከው መልሱ ወጥቶለታል ነው፣ ግማሹን ግን ባሕር ተሻግሮ ነው ያገኘው።

እስከ መጨረሻው ሠርቷል። በ1994 የመጨረሻ ቀን ነው የሞተው፣ በ80 ዓመቱ። የመጨረሻ ፊልሙ በ1995 ሲወጣ ለእሱ መታሰቢያ ተደረገ፤ እዚያ ላይ የሬሳ ሣጥን ሠሪ ነው። ልጆቻችሁ የሚያዩት የአሻንጉሊቶች ካርቱን አለ አይደል፣ ዉዲ የሚባለው ካውቦይ ያለበት? ስሙ የመጣው ከእሱ ነው።


ማራኪ ሰፈር፦

ጋሼ፣ የዙርሊኒውን አላውቅም ነበር። እፈልገዋለሁ። ሩትሌጅን ግን አይቼዋለሁ፣ እና የማልለውጠው ነገር አለ፤ ያን የመሰለ ሥራ ሠርቶ ሲያበቃ አንድ የአሜሪካ ስቱዲዮ «ሌላም እንስጠው» አለማለቱ። ሩትሌጅን ካሳየ በኋላ ወደ አሽከርነት ነው የተመለሰው። ፖምፒን የሚያድነው ስትሮድ ነው፣ ጽሑፉ አይደለም። በዚህ ከእህታችን ጋር እስማማለሁ።


የአዘዞዋ፦

በዚህ ተግባብተናል። እኔም በደሉን መካድ አልፈልግም፤ ተማሪዎቼ በደሉን ብቻ አይተው ሥራውን ሳያዩት እንዳያልፉ ነው የምፈራው።

የቀሀ ልጅ፣ እንዴት ይማሩታል ላልከው። ስትሮድ ትምህርት ቤት ገብቶ ትወና የተማረ ሰው አይደለም። አትሌት ነው፣ ታጋይ ነው። ሰውነቱን ያውቃል። ክብደቱ የትኛው እግሩ ላይ እንዳለ ሳያስብ ያውቃል፣ ስለዚህ መቆም አያስጨንቀውም። አንተ መጋረጃ የምትመስለው እጅህን የት እንደምታደርግ እያሰብክ ስለሆነ ነው። ጋሻውን ቤት ውሰደው። እየበላህ፣ እያጠናህ፣ ከሰው ጋር እያወራህ ያዘው፣ ክንድህ እስኪደክምና ከዚያ እስኪለምደው። ሁለተኛ፣ መድረክ ላይ ስትቆም ተመልካቹን አትይ፣ ቴዎድሮስን ተመልከት። የምር ስማው። ሲቆጣ ከሌላው ሰው ቀድመህ የምታውቀው አንተ ነህ፣ አጠገቡ ነህና። ድራባ እንዲያ ነው የሚያዳምጠው።

ለመጀመር ሊበርቲ ቫላንስን እይ፣ ፖምፒን ብቻ እየተከተልክ። መጀመሪያ ላይ ሬሳ ሣጥኑ አጠገብ ብቻውን የተቀመጠው ሽማግሌ እሱ ነው፣ እንዳያመልጥህ። ከዚያ ሩትሌጅ።


የቀሀ ልጅ፦

ሊበርቲ ቫላንስን አገኘሁት፣ ሩትሌጅ ግን ፒያሳ የጠየቅኋቸው ሲዲ ቤቶች የላቸውም። ጋሼ፣ እርስዎ ጋ ካለ ፍላሽ ይዤ ልምጣ? ቅዳሜ የክበቡ ልጆች ልምምድ ስንጨርስ አብረን ልናየው ተስማምተናል፣ ቴዎድሮስን የሚሠራው ልጅም ይመጣል። ጋሻውን ዛሬ ቤት አምጥቼዋለሁ።


ጋሽ ሲኒማ፦

አለኝ። ከ8 ሰዓት በኋላ ና፣ ዐሥራ ስድስት ጊጋ ይበቃል። የአማርኛ ትርጉም የለውም፣ እንግሊዝኛው ግን ቀስ ያለ ስለሆነ ትከተሉታላችሁ። የፍርድ ቤቱን ክፍል ስትደርሱ ድምፁን ከፍ አድርጉት፣ ቅጂው ትንሽ ይደክማል።